ከፍቺ በኋላ መሳቅ ነውር አይደለም

ሰሞኑን ስለ ፍቺ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለእኔም ደረሰኝ። የላኩልኝ ሰዎች የተፋታሁ መሆኔን ስለሚያውቁ ይጠቅማታል ብለው ነው፤ አልተቀየምኩም። አንብቤ ስጨርስ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ትዳሯ የፈረሰ ሴት አንገቷን ደፍታ የምትቆይበት ጊዜ ሊኖር ይገባል። ቶሎ የሳቀች ድሮም ትዳሯን አትወደውም ነበር። የድሮ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይፋታም ነበር፤ ያበላሸን የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ልጆች ካሉ እናት የራሷን ደስታ ትታ ለእነሱ መኖር አለባት። ወንድ ብዙም አይጎዳም። ደስታ ተመልሶ የሚመጣው በሌላ ትዳር ብቻ ነው፤ እስከዚያው ከሠርግና ከድግስ መራቅ ጨዋነት ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በክፋት ጻፉት ብዬም አላስብም። ነገር ግን ትናንት ከችሎት የወጣች ሴት ይህን ብታነብ ምን ይሰማታል? እያንዳንዱን ነጥብ አንስቼ የምመልሰው ለእሷ ስል ነው።

ቶሎ መሳቅ ካለመውደድ ነው ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ፍቺ የሚጀምረው ዳኛው ውሳኔ ያነበበ ዕለት ይመስላቸዋል። ማንም የተፋታ ሰው ይጠየቅ፤ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ወሬ ይጠፋል። ቀጥሎ ማዕድ ይለያል። ከዚያ መኝታ ይለያል። ሽማግሌ ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ሰው እንዳያውቅ ገበና ይሸፈናል፤ በዓል ሲመጣ ለእንግዳ ፈገግ ይባላል። አንዳንዷ እንዲህ ሆና ዓመታት ትቆያለች። ወረቀቱ እጇ ሲገባ እንባዋ ድሮ አልቋል። በሳምንቱ ስትስቅ ያያት ጎረቤት ለዓመታት ስታለቅስ አላያትም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ምንም ሳይጠረጥር የተተወ ሰው አለ፤ የእሱ ሐዘን ገና ያን ቀን ይጀምራል። እሱን ደግሞ በሦስት ወሩ «በቃ፣ ተነስ፣ ተዝናና» ማለት ጭካኔ ነው። ለሁሉም የሚሆን አንድ የቀን መቁጠሪያ የለም። ጸሐፊው ጭፈራ ቤት ሄዶ ሐዘንን ማስረሳት አይቻልም ማለታቸው ልክ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

ለሐሳባቸው ማስረጃ ብለው ግን ሕጉን ጠቅሰዋል። ሕጉ ራሱ የተፋታች ሴት 180 ቀን እንድትቆይ ያዛል፣ ይህም ለትዳር ክብር የተደነገገ የሐዘን ጊዜ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ተሳስተዋል፤ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት ጠለቅ ብዬ ልመልስ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 16 መሠረት፣ ሴት ትዳሯ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ማግባት አትችልም። ምክንያቱ የሚወለድ ልጅ ካለ አባቱ ማን እንደሆነ እንዳያከራክር ነው። ለዚህም ነው ሕጉ በሩን የሚከፍትላቸው ሰዎች ያሉት። በዚህ መሀል የወለደች፣ እርጉዝ አለመሆኗን በሕክምና ማስረጃ ያረጋገጠች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ የምታገባ፣ ወይም ፍርድ ቤት የፈቀደላት ሴት 180 ቀኑን አትጠብቅም። የሐዘን ጊዜ ቢሆን ኖሮ በሐኪም ወረቀት ያጥር ነበር? ለወንድስ እንዴት አልተደነገገም?

ፍርድ ቤት የሚሰጠው እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ደግሞ ከፍቺው በፊት ነው። ተጋቢዎቹ ሐሳባቸውን ይቀይሩ እንደሆነ ለማየት ነው እንጂ ከፍቺው በኋላ ፊታቸውን እንዲያጠቁሩ አይደለም። በእስልምና ያለውን ዒዳ ብንወስድ እንኳ፣ የተፋታች ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት የምትቆየው ሦስት የወር አበባ ጊዜ ነው። ዓላማው የታወቀ ነው፣ ማብቂያም አለው። ጸሐፊው ያወጁት ሐዘን ግን ማብቂያ የለውም።

ወደ ድሮ ሰው ልመለስ። አያቶቻችን አይፋቱም ነበር የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ፍቺ ከጥንትም የታወቀ ነገር ነው። የሰማንያ ጋብቻ ይፈርስ ነበር፤ ከብቱና እህሉ በሽማግሌ ፊት ይከፈል ነበር። ብዙዎች በሰማንያ ተጋብተው ዓመታት ከኖሩ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ሸምግለው ነው የሚቆርቡት። ለምን ይመስላችኋል? ቁርባን አይፈታም። የድሮ ሰው ትዳር ሊፈርስ እንደሚችል አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው ቁርባኑን ያቆየው።

እቴጌ ጣይቱን እንውሰድ። በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በቁርባን ሲጋቡ የመጀመሪያ ትዳራቸው አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አልፈዋል። ያ ያለፈ ትዳር እቴጌ ከመሆን አላገዳቸውም። በ1879 ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው። በአድዋ ዘመቻ መቀሌ ላይ የጠላትን የውሃ ምንጭ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። ጸሐፊው በሚሉት መንገድ ቢኖሩ ኖሮ ከመጀመሪያው ፍቺ በኋላ ቤታቸውን ዘግተው በቀሩ ነበር።

ሕጉ አበላሸን ለሚለው ደግሞ የቀድሞውን ማየት ይበቃል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ የበላይ ባል ነበር። ፍቺ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለ ወገን ከጋራ ንብረቱ ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። ስለዚህ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጉድ ሲያወጣ ይውላል። በ1992ቱ ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ሆነ፤ የጋራ ንብረትም በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል ተባለ። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። ሕጉ ፍቺን አልፈጠረም። ከትዳር የምትወጣ ሴት ባዶ እጇን እንዳትወጣ ነው የረዳው። ባዶ እጁን የወጣ ሰው ስለ ደስታ ከማሰቡ በፊት ስለ ቤት ኪራይ ነው የሚያስበው። ጸሐፊው ስለ ደስታ ሲጽፉ ስለ ቤት ኪራይ አንድም ቦታ አላነሱም።

ፍል ውሃን ካነሳሁ አይቀር የራሴን ልንገራችሁ። ከተፋታሁ በኋላ መጀመሪያ የተመለሰልኝ ደስታ እዚያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ አባታቸው ጋ ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይልብኛል። ፎጣና ሳሙና በፌስታል ይዤ እወጣለሁ። ትኬት እቆርጣለሁ፣ ወረፋ እጠብቃለሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን። ተራዬ ሲደርስ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ውሃው መጀመሪያ አያስጠጋም። እግሬን እነክራለሁ፣ አወጣለሁ፣ ደግሜ እነክራለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ እስከ አንገቴ እገባለሁ። ትከሻዬ ሲላላ ይታወቀኛል። ስወጣ ፊቴ ቀልቶ፣ ረሃብ ይዞኝ ነው። ከዚያ ማኪያቶና ትኩስ ቦምቦሊኖ።

ይህን የምለው ፍል ውሃ ሁሉን ይፈውሳል ለማለት አይደለም። በዚያ ሰሞን ደስተኛ አልነበርኩም። ማታ ማታ አለቅስ ነበር፤ የንብረት ክርክሩም አላለቀም። ግን ያቺ ቅዳሜ ጠዋት የእኔ ነበረች። ጸሐፊው መጀመሪያ ልብ ይረጋ፣ ከዚያ ደስታ ይመጣል ይላሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ሰውነት አንድ ደህና ነገር ያገኛል፤ የሚጣፍጥ ቁርስ፣ ሙቅ ውሃ፣ ረጅም የእግር መንገድ። ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል። ልብ እስኪረጋ ቤት ዘግቶ የጠበቀ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ፣ ወደ ልጆች። ጸሐፊው እናት ስትዝናና ልጆች ተረሳን ብለው ያዝናሉ ይላሉ። ለልጆቿ ብላ ደስታዋን የተወች እናትን ያመሰግናሉ። እኔም እንዲህ ያሉ እናቶችን አከብራለሁ፤ ብዙዎቻችንን ያሳደጉን እነሱ ናቸው። ጥያቄው ግን ልጁ የሚፈልገው ይሄን ነው ወይ የሚለው ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አለች። ልጇ ትንሽ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን አባቱ ጋ ያሳልፋል። እሑድ ማታ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» ትለዋለች። «ደህና» ይላል። ሌላ ቃል አይወጣውም። አባቱ ጋ እየተከፋ ይሆን ብላ ስትጨነቅ ከረመች። አንድ ቀን ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የልጆች መጫወቻ ቦታ ትኬት አገኘች። ተከምሯል፤ በየሳምንቱ ሄዷል ማለት ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «አንቺ እኮ ብቻሽን ነበርሽ» አላት።

ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም አለቀስን። ልጁ ደስታውን እንደ ጥፋት ይደብቅ ነበር። እናቱ ቤት ተቀምጣ እያዘነች እሱ መጫወቱ ክህደት መስሎታል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜን እህቷ ጋ መዋል ጀመረች፤ ሲመለስ አስቀድማ የራሷን ውሎ ትነግረዋለች። እሱም ቀስ በቀስ ማውራት ጀመረ። ሲያወራ አያቆምም አለችኝ።

ልጅን በዋናነት የሚጎዳው ወላጆቹ ከተለያዩም በኋላ የሚቀጥለው ጠብ እንደሆነ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ልጅን አማላጅና መልእክተኛ ማድረግ ይጎዳል። ልጁ ፊት አባቱን መስደብ ይጎዳል። በዓልን የጦር ሜዳ ማድረግ ይጎዳል። ገና እዚህ ከሆነ ፋሲካ እዚያ ይሁን፣ ቀድሞ ይወሰን፣ ልጁም ይወቀው። እናት በወር አንዴ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ መሳቋ ግን አይጎዳውም። ፍርድ ቤትም ልጅ ከማን ጋር ይሁን ብሎ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጆቹን ዕድሜና ፍላጎት ነው የሚመለከተው። ማን የበለጠ አዘነ ብሎ አይመዝንም።

ወንድ አይጎዳም ስላሉት ብዙ አልልም፤ ወንዶቹ ራሳቸው ቢጽፉት ደስ ይለኛል። የማውቃቸው የተፋቱ ወንዶች ግን ተጎድተዋል። አንድ ክፍል ይከራያሉ። ምሳ ሥጋ ቤት፣ ማታ ግሮሰሪ። ጓደኛ «እሰይ ተገላገልክ» ብሎ ቢራ ያዛል፤ ጨዋታው በዚያ ያልቃል። ልጆችህን አየሃቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማልቀስ ነውር ስለሆነበት ይጠጣል። እንቁላል ፍርፍር መሥራት ተምሮ ቅዳሜ ለልጆቹ ቁርስ ያቀረበ አባት ግን አውቃለሁ፤ ፊቱ የፈካው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሃይማኖትንም አንስተዋል። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው የሚለውን ቃል ጠቅሰዋል። በቃሉ አልከራከርም፤ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የሚያስረዳ የንስሐ አባት አለ። ግን ዮሐንስ 4 ላይ ያለችውን ሳምራዊት ሴትም ያስታውሱ። አምስት ባሎች ነበሯት። ጌታ በቀትር ጉድጓድ ዳር አገኛት፤ አናገራት እንጂ አንገትሽን ድፊ አላላትም። እንስራዋን ጥላ ወደ ከተማ ሄደች፣ ለሰው ሁሉ ተናገረች። መክብብም ለማልቀስ ጊዜ አለው፣ ለመሳቅም ጊዜ አለው ይላል።

ደስታ የሚመለሰው በሌላ ትዳር ብቻ ነው ለሚለው፣ እኔ ዳግም ማግባትን አልቃወምም። ደርሶለት ያገባ ሰው ሳይ እልል እላለሁ። የምፈራው ቅደም ተከተሉን ነው። አንድ ምሽት ብቻዋን ቤቷ መቀመጥ የማትችል ሴት ባል የምትመርጠው በፍርሃት ነው። «ቤትሽ ወንድ ይግባበት እንጂ» የሚሉ ዘመዶች ደግሞ አጠገቧ አይጠፉም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። የፊተኛው ትዳር ንብረት ሳይከፈል ሁለተኛ ትዳር ውስጥ መግባት ጣጣው ብዙ ነው። በሕጉ መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ተደርጎ ይገመታል። ስለዚህ መጀመሪያ የድሮውን መዝጋት፣ የደረሰን ድርሻ በሰነድ መያዝ፣ ከዚያ ማግባት ካስፈለገ ከማግባት በፊት የጋብቻ ውል መፈራረም። እንዲህ ያለ ወሬ የፍቅር ወሬ እንደማይመስል አውቃለሁ። ግን ሁለቴ ችሎት ለችሎት የተንከራተቱ ሴቶች አይቻለሁ፤ በሁለተኛው የሚደርሰው ድካም ከመጀመሪያው ይብሳል።

ጸሐፊው ባለትዳር ጓደኞች ከተፋታ ሰው ይርቃሉ ብለዋል። እውነት ነው፣ ያማል። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚጠራበት ቤት ነጠላ ሰው መጥራት ይረሳል፤ አንዳንዷም ለባሏ ትሰጋለች። ከዚህ ተነስተው ግን ቤትሽ ተቀመጪ ማለታቸው አይገባኝም። ጎረቤቱስ? እድሩስ?

እኔ በእድሩ መዝገብ ላይ የአቶ እገሌ ባለቤት ተብዬ ነበር የኖርኩት። እሱ ከሰፈሩ ወጣ፣ እኔ ቀረሁ። መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ የእድሩ ጸሐፊ ጋ ሄጄ በስሜ ልመዝገብ አልኩ። ጋሼ ትልቁን ደብተር ገልጠው «ማን ብዬ ልጻፍ ልጄ?» አሉኝ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፉት። መመዝገቢያውን ከፈልኩ። ምንም አልጠየቁኝም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ቀና ብዬ ነበር የሄድኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞተ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ጓሮ ሽንኩርት ለመክተፍ ተመደብኩ። ለቅሶ ቤት ጓሮ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከፊት ድንኳኑ ውስጥ ይለቀሳል፣ ከኋላ ጭሱ ውስጥ ይወራል። ሁላችንም በሽንኩርቱ እያነባን ሳለ አንዲት እናት ስለ ሟቹ የወጣትነት ዘመን አንድ ነገር አወሩ። ሳቄ ድንገት አመለጠኝ። ከሆዴ ነው የሳቅኩት። ያቺ እናት «ሳቂ ልጄ፣ እሱም ሳቅ ይወድ ነበር» አሉኝ። ከለቅሶ በላይ የሚከበር ሐዘን የለንም፤ እዚያም ቢሆን ሳቅ ይፈቀዳል። ለተፋታች ሴት የተከለከለው በየትኛው ባህል ነው?

የመጨረሻው ነጥባቸው ሠርግ ነው። የተፋታች ሴት ሙሽራ ባታለብስ፣ ከፊት ባትቆም ይሻላል፣ ለገዱም ጥሩ አይደለም ብለዋል። ፍቺ እንደ ጉንፋን አይጋባም። ትዳር የሚበጠስበትን ቦታ በቅርብ ያየች ሴት ለሙሽራ የምትነግረው ቁም ነገር አላት፤ ሌላው የማይነግራት። ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ታገባለች። አክስቴ ካላለበሰችኝ ያለችው ራሷ ሙሽራዋ ናት። አለብሳታለሁ፣ እጨፍራለሁም። ከዚያ በፊት ግን እሷንና እጮኛዋን ቁጭ አድርጌ ስለ ጋብቻ ውል፣ ስለ ባንክ ሂሳብ፣ እድሩ ላይም የሁለቱም ስም እንዲጻፍ አወራቸዋለሁ። ቀኑን ቆርጠናል፤ ቡናው እኔ ቤት ነው።